ሁለተኛው ሕመም

ሟቿ በጀርባዋ ተኝታለች። ብርድ ልብሱ እስከ አገጯ ተስቦ፣ ዳርና ዳሩ ከፍራሹ ሥር ተወትፎ ተወጥሯል። ራስጌዋ ካለው ጠረጴዛ ላይ ባዶ የክኒን ጠርሙስ ክዳኑ ተከፍቶ ቆሟል፤ አጠገቡ ሾርባ የተጠጣበት ኩባያ አለ። መርማሪዋ ጠርሙሱን አልነካችም። ጎንበስ ብላ የብርድ ልብሱን ጠርዝ በሁለት ጣቷ ሳብ አደረገችው። አልወጣላትም።

«ራሷን አጥፍታ ነው» አለ በር ላይ የቆመው ፖሊስ። «ሕመሙ መሯት።»

«ከዚያስ በሦስት በኩል ዞራ ራሷን ወተፈች?»

ፖሊሱ ቀረብ ብሎ የተወተፈውን ጠርዝ አየ።

ሟቿ መጽሐፍ ጠራዥ ነበረች። መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሉት የነርቭ በሽታ ከያዛት ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ መጀመሪያ ጣቶቿን፣ ቀጥሎ እግሮቿን አደነዘዘባት። መኝታዋ ከጥረዛው ክፍል ጀርባ ነው። ታላቅ ወንድሟ ፎቅ ላይ ይኖራል። ጠዋት መጥታ ከምሳ በኋላ አስተኝታት የምትሄድ፣ አመሻሽ ላይም የምትመለስ ነርስ አለቻት፤ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሞታ ያገኘቻትም እሷ ናት።

ልጇ በማግስቱ ከሌላ ከተማ ደረሰች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ መርማሪዋ ፊት ቆመች።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ ደውላልኝ ነበር። አየሁት። ማታ እደውላለሁ ብዬ ተውኩት። ልትሰናበተኝ ነበር?»

መርማሪዋ ሰው ማጽናናት አይሆንላትም። «አላውቅም» አለች። «ሳላውቅ አልነግርሽም።»

የሟቿ ወንድም ጡረታ የወጣ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነው። ክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና አንድ ሬዲዮ አለ። ወንበሩን ለመርማሪዋ ለቆ እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ሾርባውን እኔ ሠራሁ። ነርሷ ይዛላት ገባች። ከዚያ በኋላ እኔ ወደ መኝታ ቤቷ ዝር አላልኩም።»

«ያመኛል ትል ነበር?»

«ትላለች እንጂ። የደነዘዘ እግር ምን ያመዋል? ዛሬ ትከሻዬን፣ ነገ ወገቤን፣ ከነገ ወዲያ ጣቴን። ሐኪም ፎቶ ሲያነሳት ምንም የለም። አንድ በሽታ አልበቃሽ ብሎ ነው እላታለሁ።»

መርማሪዋ ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች። ሦስት ጥንድ ጫማ፣ ድልድይ በመሰለ ነገር ላይ ተደርድሯል። ነገሩ ከወፍራም ካርቶን የተሠራ ነው፤ ጠርዙ በጥቁር ጨርቅ ተለብጧል።

«ጥሩ መደርደሪያ ነው።»

«ጥረዛው ክፍል ካርቶን ይጥላሉ፣ እኔ አነሳለሁ» አለ።

ነርሷን በሟቿ ክፍል አገኘቻት።

«እትዬ ሁለት በሽታ ነበረባት» አለች ነርሷ። «ሁለተኛው ፋይብሮማያልጂያ ይባላል። የመጀመሪያው ባለበት ሰው ላይ መደረቡ ብርቅ አይደለም። ግን ሁሉም ነገር በመጀመሪያው ይሳበባል፤ ፎቶ ላይም ደም ላይም አይታይም። የእሷም ሕመም ስም እስኪያገኝ ሦስት ዓመት ፈጀ።»

«ምን ያደርጋት ነበር?»

«ሰውነቷን በሙሉ ያማታል። ሸሚዝ ሲነካት የተቃጠለ ቁስል የነኩባት ያህል ትሸማቀቃለች። አንድ ቀን እጇን ይዤ ላጽናናት ብል፣ ‹የኔ እህት፣ እስቲ ከራቅ ብለሽ አጽናኚኝ› አለችኝ።» ፈገግ ልትል ሞክራ አቃታት። «መድኃኒቱን ቦርሳዋ ውስጥ ነበር የምትደብቀው። ወንድሟ፣ ጋሼ፣ እንዳይስቅባት።»

«ታዲያ ይህን ብርድ ልብስ እንዴት ቻለችው?»

«ሙጫው የምንለው የሥራ ሸሪኳ የሠራላት ነገር አለ። እግሯ ላይ ይቆምና ልብሱ በላዩ ይጣላል፤ አይነካትም። ትናንት ሰባት ተኩል ላይ ሳስተኛት እኔው ነኝ ያቆምኩት።» ወደ አልጋው ዞረች። «የት ሄደ?»

መርማሪዋ ሰዓቱን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ሙጫው የሟቿ የሥራ ሸሪክ ነው። ስሙን ከጣቶቹ ነው ያገኘው፤ ቢታጠቡም ይጣበቃሉ። ጥረዛው ክፍል ውስጥ የሚሠራ መስሎ ባዶ መጭመቂያ ያጠብቃል።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ በመኪናዬ ልወስዳት ነበር» አለ። «ልጇ ጋ ልትኖር። ብደርስ ወንድሟ በር ላይ ቆሟል፤ ‹ተኝታለች፣ ሐሳቧን ቀይራለች› አለኝ። ተመለስኩ።»

«ይህን ለልጅቷ ነገርካት?»

«ወደ አንቺ ልትመጣ ተነስታ፣ መሀል ላይ ሞትን መረጠች ብዬ ልንገራት? በምን አፌ?»

የላቦራቶሪው ውጤት በሦስተኛው ቀን ጠዋት መጣ። መርማሪዋ አራቱንም በጥረዛው ክፍል ሰበሰበቻቸው። የሟቿ በርጩማ ላይ ማንም አልተቀመጠም።

«ጠርሙሱ የመጀመሪያው በሽታ መድኃኒት ነው» ብላ ጀመረች። «ባዶ ሆኖ ተገኘ። በደሟ ውስጥ ያለው ግን የአንድ ጊዜ መጠን ብቻ ነው። የቀረውን የደፋው ሌላ ሰው ነው። ማንም ያላዘዘላት የእንቅልፍ መድኃኒትም ተገኝቷል፤ በደሟም፣ በሾርባው ኩባያም።»

«ኩባያውን ይዛ የገባችው ነርሷ ናት» አለ ወንድምየው።

ነርሷ እጆቿን ጭኗ ላይ ጨበጠች።

«ልክ ነው። ግን ብርድ ልብሱ አለ። እንደዚያ አድርጎ የሸፈናት ሰው ይወዳታል፤ ሕፃን እንደሚሸፈን ነው የሸፈናት። ነርሷ ግን ይህን አታደርግም፤ ልብስ ሲነካት ምን እንደምትሆን ታውቃለች። ሙጫውም ያውቃል። ልጅቷ እዚህ አልነበረችም። እንደዚያ የሚወትፍ፣ ምንም አይሰማትም ብሎ ያመነ ሰው ብቻ ነው።»

ፖሊሱ የካርቶኑን ድልድይ ይዞ ገባና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ይህ ለእግሯ የሠራሁላት ነው» አለ ሙጫው።

«ሰባት ተኩል ላይ አልጋዋ ላይ ነበር። እኔ ያገኘሁት ፎቅ ላይ፣ ጫማ ተሸክሞ።» መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞረች። «እርስዎ መኝታ ቤቷ ዝር አላልኩም ብለዋል። ‹እንዳልሸፍናት አስቸገረኝ› ብለው ያነሱት ከዚያው አልጋ ላይ ነው። ምን እንደሆነ ቢያውቁ ኖሮ ወደ ክፍልዎ አይወስዱትም ነበር። ካርቶን መሰለዎት።»

ወንድምየው ድልድዩን ብዙ አየው። መጀመሪያ ሊክድ ያሰበ ይመስል ነበር።

«እንድትተኛ ብቻ ነው» አለ። «መኪናው መጥቶ እንዲመለስ። አንድ ቀን ባገኝ እንዳትሄድ እለምናታለሁ ብዬ። ከራሴ ክኒን ሁለት ፈጨሁ። እኔ ሁለት ውጬ ስንቴ ተኝቼ ተነስቻለሁ።»

«እርስዎ የሁለተኛውን ሕመም መድኃኒት አይወስዱም። እሷ ከምሳ በፊት ወስዳ ነበር። ተደራርቦ ትንፋሿን አቆመው።»

«እንቅልፍ ሲወስዳት፣ እንዳይበርዳት ሸፍኛት ወጣሁ። ዐሥር ሰዓት ላይ ተመልሼ ሳያት ቀዝቅዛለች። ያኔ ነው ጠርሙሱን የደፋሁት። ፈራሁ።»

ልጅቷ ተነሳች። «እና ይህን ሁሉ ቀን ስልክ ባለማንሳቴ የሞተች ሲመስለኝ ዝም ብለው አዩኝ፣ ጋሼ?»

 ሙጫው ወንበሩን ወደ ልጅቷ አስጠጋ።

«አጠገቧ ነበርኩ ስትደውልልሽ። ሳታነሺ ስትቀሪ ሳቀች። ‹እሰየው፣ አትምጪ የምትልበት ጊዜ አታገኝም፤ በሯ ላይ ዱብ እላለሁ› አለችኝ። መሰናበት አልነበረም።»

ልጅቷ አፏን በመዳፏ ይዛ ተቀመጠች። መርማሪዋ መስተካከል የማያስፈልጋቸውን ወረቀቶቿን አስተካከለች።

ፖሊሱ ወንድምየውን ክንዱን ይዞ ሲያወጣው፣ ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመና ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ሕመሙ» አለ፣ «እውነት ነበር እንዴ?»

«እኔንጃ፣ ጋሼ» አለች ቀና ሳትል። «እኔም አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።»