የሚያስገባ እንጂ የማያስወጣ በር

«አየር ማቀዝቀዣውን ልትሠሪ ነው? ፍጠኚ እንጂ፣ ልናልቅ ነው!» አሉ ዳይሬክተር ኤቬልዮ ካንቴሮ ላባቸውን በክራባታቸው እየጠረጉ።

«እኔ እንኳ የተጠራሁት አንድ ሰው አልቋል ተብዬ ነው» አለች መርማሪ ኒምያ ኦቬላር መታወቂያዋን አውጥታ። በሩ ከኋላዋ ጠቅ ብሎ ተዘጋ።

«ይኸው፣ አንቺም ገባሽልን!»

አሱንሲዮን ከተማ ያለው ይህ የመንግሥት መረጃ ቢሮ በሮቹን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ካስረከበ ወር አልሞላውም። የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ከተለቀቀ ማሽኑ የመጣውን ሁሉ ያስገባል፤ ማንንም ግን አያስወጣም። ለምን ቢሉት እሱም አያውቅ። ጋዙ ከተለቀቀ ሦስት ሰዓት ሆኖታል። ከሰርቨር ክፍሉ መስተዋት ወዲያ ዶክተር ኢዳሊና ቤኔጋስ አየር አጥተው እንደወደቁ ናቸው። አገሪቱ እንዲህ ያለውን ማሽን ለመቀበል የሳይበር ደህንነቷ ዝግጁ እንደሆነ የገመገሙት እሳቸው ነበሩ፤ ሪፖርታቸውን ዛሬ ከሰዓት ሊያስረክቡ ነበር።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አሉ ዳይሬክተሩ። «ጋዙ የሚለቀቀው ሰርቨር ክፍሉ በር አጠገብ ያለው ማንበቢያ በካርድ ሲነካ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአስር ላይ የተመዘገበው የሠራተኛችን የሊዝ ካርድ ነው። ልጅቱን ከነቴርሞሷ ዕቃ ቤት ቆልፈንባታል።»

ሊዝ ሮቴላ፣ የቢሮው ቴክኒሽያን፣ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«ሁለት ልጆች አሉኝ እኮ! በማላውቀው ሊያስፈርዱብኝ ነው።»

«ካርድሽ የት ነው የሚውለው፣ የኔ ልጅ?»

ሊዝ ቆዳ የለበሰውን ትልቅ ቴርሞስ አፍራ አሳየቻት። ካርዱ እጀታው ላይ ተንጠልጥሏል። «ቢሮው ሁሉ ቴሬሬውን፣ ያንን ቀዝቃዛ የቅጠል መጠጥ፣ የሚጠጣው ከዚህ ነው። እዚህ ካንጠለጠልኩት አይጠፋም ብዬ…»

«ቴርሞሱ በዞረበት ካርዱም ዞረ በይኛ!»

«ዶክተርም ሪፖርታቸው ላይ ጽፈውታል።»

«ዛሬ ምን ቅጠል ነበረበት?»

«ጠዋት ናና። ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ደፍቼ ጠጅ ሳር ጨመርኩበት። ኮሪደሩ ላይ አስቀምጬው መጸዳጃ ቤት ገባሁ፤ ስወጣ የለም። ማን ወሰደው እያልኩ ስዞር ማስጠንቀቂያው ጮኸ። በግርግሩ መሀል ቦታው ተመልሶ አገኘሁት።»

«ከዚያ ወዲህ ማን ጠጣ?»

«ሰው ሞቶ ማን ይጠጣል! ወዲያው ቆለፉብን፣ በእኔም በቴርሞሱም።»

ማሽኑን የሸጠው ኦስማር ቩይክ ከመስኮት ወደ መስኮት ይንቆራጠጣል፤ መስኮቶቹም አይከፈቱም።

«አንተስ ጠጥተሃል?»

«ጨጓራዬ ቴሬሬ አይችልም። ‹አንተ ደግሞ ከየት አገር ነህ!› እያሉ ይሰድቡኛል።»

«አገሩ ለማሽኑ ዝግጁ ነው ብሎ ለሚኒስትሩ የፈረመልህ ማነው?»

«ዳይሬክተሩ፣ ዶን ኤቬልዮ። የዶክተሯ ሪፖርት ግን አገሩ ዝግጁ አይደለም ይላል አሉ።»

ኒምያ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። «እርስዎስ ጠጥተዋል?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ዋንጫ ጠጣሁና ቢሮዬን ዘጋሁ። እስከ ጩኸቱ ድረስ ንቅንቅ አላልኩም።»

«ጥሩ ነበር?»

«ተይኝ እባክሽ! ያን ጠጅ ሳር አብዝታበት እስካሁን ያገሳኛል።»

ኒምያ ሊዝን ከዕቃ ቤት አውጥታ ሦስቱንም መስተዋቱ ፊት አቆመቻቸው።

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቴርሞሱ ውስጥ የነበረው ናና ነው» አለች። «ጠጅ ሳር የገባው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሊዝ ስትመለስ ቴርሞሱ የለም፤ ጩኸቱ እንዳበቃ ደግሞ ተቆልፎበታል። እንግዲህ ጠጅ ሳሩን የቀመሰ ሰው የቀመሰው በዚያች አሥር ደቂቃ ነው። ያኔ ቴርሞሱን የያዘ፣ ካርዱንም ይዟል። እርስዎ ቢሮዬን ዘግቼ ነበር አሉኝ፣ ዶን ኤቬልዮ። ካርዱን ብቻ ፈትተው ቢወስዱ ያስታውቅብዎታል፤ ቴርሞስ ይዞ የሚሄድን ግን ማን ይጠይቃል? ነገር ግን በዚህ ሙቀት ቴርሞስ ጨብጦ ሳይጎነጭ የሚመለስ የአሱንሲዮን ሰው ገና አልተወለደም።»

ሊዝ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ዳይሬክተሩ በሩን ገፉ፤ አልተነቃነቀም። እንደገና ገፉት። ከዚያ ግንባራቸውን አስደገፉበት።

«ስድስት ወር ብቻ ስጪኝ ብዬ ለመንኳት! ሪፖርቱን ስድስት ወር ብታቆይልኝ ሁሉንም አስተካክለው ነበር። ስድስት ወር ምን አላት?»

ኒምያ ካቴናውን ከቀበቶዋ ፈታች።

«ዳኞቻችን ለጋሶች ናቸው፣ ዶን ኤቬልዮ፤ ከዚያ በላይ ይሰጡዎታል።»