ኤላዲዮን ይዞ ወደ ሩቁ እንድርያስ

ካሲልዳ ከወንድሟ መቃብር ራስጌ ቆማ ድንጋዩን በበትሯ መታ መታ አደረገችው።

«ተነሥ ኤላዲዮ! ቅዱስ እንድርያስን ልንሳለም ነው። ተከተለኝ!»

ዞር ብላ ሳታይ የባሕሩን ዳር ዳገት ተያያዘችው።

በዚያ ጋሊሲያ በተባለው የባሕር ጠረፍ፣ ሩቁን የቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን በቁሙ ያልተሳለመ ሰው ከሞተ በኋላ እንሽላሊት ሆኖ እየተሳበ ይሄዳል ይባላል። ዘመድ ያለውን ግን ዘመዱ ከመቃብሩ ይጠራዋል፤ መንገዱን ሁሉ ስሙ እየተጠራ እንደ ሰው ይሄዳል። ጥሪው ከተቋረጠ መንገድ ላይ ይቀራል። ዓሣ አጥማጁ ኤላዲዮ «ለከርሞ» እያለ ሲያስተላልፍ የሳንባ ምች ቀደመው። እኅትና ወንድም ደግሞ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። ካሲልዳ በሕይወቱ የነፈገችውን ቃል አሁን ለነፋሱ ታፈሰው ጀመር።

«ጉድባ አለ፣ ዝለል! እዚህ ጋ ጭቃ ነው፤ አንተ ድሮም እግርህን አታይም።»

ዝናቡ ፊቷን ገረፋት። በስተግራዋ ገደሉ ቁልቁል ወርዶ፣ ከሥሩ ማዕበሉ ያጓራል። ቤት የለ፣ ጭስ የለ፣ ሰው የለ።

ድንገት ከቋጥኙ ጀርባ የሴት ድምፅ ተሰማ። «ኤላዲዮ፣ ቀስ በል፣ ያዳልጣል።»

የካሲልዳ ደም ፈላ። ዶሲቴያ ነበረች፤ ኤላዲዮ ሳያገባት አብራው የኖረችው፣ የኩርፊያው ሁሉ መነሻ። በለቅሶው ዕለት እንኳ ካሲልዳ ከደጅ መልሳታለች።

«ማንን ነው የምትጠሪው?»

«እሱን ነዋ፣ እትዬ ካሲልዳ። ጎህ ሳይቀድ ከመቃብሩ ጠርቼው መጣሁ።»

«እኔም ጠርቼዋለሁ! እኅቱ ነኝ፤ ከእኔ ጋር ነው ያለው!»

«በቁሙ ደጅዎን ያልረገጠ ሰው ሞቶ ይከተልዎታል?»

«አንቺ መች ለቀሽው!»

«እንግዲያው ይጥሩት፤ ወደ ማን እንደሚዞር እናያለን።»

ጉሙ ከባሕር ተነሥቶ ሁለቱንም ዋጣቸው። እየተሻሙ ጮኹ፦ «ኤላዲዮ!» «ኤላዲዮ!» ጩኸታቸው የተራራውን የዱር ፈረሶች አስበረገገ። አንድ ጥቁር ድንጉላ ጆሮውን አጣጥፎ፣ ጥርሱን አግጥጦ ከጉሙ ወጣና ወደ ካሲልዳ ተወረወረ። ወደ ኋላ ስታፈገፍግ እግሯ አየር ረገጠ። ተንሸራተተች፤ እሾሃም ቁጥቋጦ አንቃ ተንጠለጠለች።

ዶሲቴያ ካባዋን አውልቃ የድንጉላውን ፊት ደጋግማ ገረፈችው። እያሽካካ ዞረና ሸሸ። ወዲያው በደረቷ ተኝታ የካሲልዳን ክንድ ያዘች።

«ይያዙኝ፣ እትዬ!»

«ስሙን ጥሪ!» አለች ካሲልዳ ተንጠልጥላ። «ስሙን ጥሪ፣ እንዳይጠፋ!»

«ኤላዲዮ! እዚያው ቁም! እኅትህን ላውጣ!»

ጎትታ አወጣቻት። ሁለቱም ሣሩ ላይ ተዘርረው አለከለኩ። የካሲልዳ ቁርጭምጭሚት ወለም ብሏል፤ በዶሲቴያ ትከሻ ተደገፈች። ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ጠሩት፤ የአንዷ ትንፋሽ ሲያጥር ሌላዋ ትቀበላለች።

«በቀኙ በኩል ይጥሩት» አለች ዶሲቴያ። «ግራ ጆሮው አይሰማም።»

ካሲልዳ ቀና ብላ አየቻት። የወንድሟ ጆሮ መደንቆሩን አታውቅም ነበር።

ጉሙ ሲገፈፍ፣ ከበታቻቸው በባሕሩ አፋፍ ላይ ትንሿ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ብቅ አለች። ዝቅ ባለው በር ጎንበስ ብለው ገቡ። ጸሎት የሚያደርሱት ሽማግሌ ቄስ ብቻቸውን ነበሩ።

«ለማን ነፍስ ነው?»

«ለኤላዲዮ።»

«እናንተስ ምኑ ናችሁ?»

ዶሲቴያ መሬት መሬቱን አየች።

«እኔ እኅቱ ነኝ፣ አባ። እሷ ሚስቱ ናት።»

ኤላዲዮን እዚያው ትተው ወጡ። ነፋሱ ቆሟል። በመመለሻው ዳገት ላይ ስሙን የሚጠሩት ሰው አልነበረም፤ ዝምታው ከገደሉ ይልቅ ካሲልዳን አስፈራት። የዶሲቴያን ክንድ ጠበቅ አድርጋ ያዘች።