ጓንት የረሳው ሰው

«"አባቴ ለሕዝብ ኖሮ ለሕዝብ ሞተ" በይና ትንሽ ቆም በይ። እዚያ ላይ ጭብጨባ ይኖራል» አሏት ሥራ አስኪያጁ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ።

አምፖል ቀና ብላ አየቻቸው። ይህን ቅጽል ስም ያወጣላት አባቷ ነበር፤ «ስትወለጂ ከፊትሽ ቀድሞ የታየኝ ዓይንሽ ነው» እያለ ይስቅባት ነበር። የመብራት መሥሪያ ቤቱ መስመር ጠጋኝ ነበር። በዝናብ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ኤሌክትሪክ ይዞ ከገደለው ወራት አልፈዋል። አሁን መሥሪያ ቤቱ በአዳራሹ ሊያስበው፣ ፎቶውንም ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ነው። ንግግር የምታደርገው የበኩር ልጁ አምፖል እንድትሆን ተወስኗል።

«እንደሱ ያለ ሠራተኛ የት ይገኛል?» ቀጠሉ ሥራ አስኪያጁ። «ለሥራው ሟች፣ ለቤቱ አሳቢ! ምን ያደርጋል፣ ያን ዕለት ጓንቱን ባይረሳ ኖሮ...»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሰውየው የተናገሩት ዘግይቶ ገባቸውና ሳል ሳል አላቸው።

«ምኑን ባይረሳ?» አለች እናቷ።

«ያው... አብሮት የነበረው ሰው ለአደጋው አጣሪዎች የሰጠው ቃል ነው። እኛ እንኳ ለክብሩ ብለን አላወራነውም።»

ከሄዱ በኋላ እናቷ በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበት።

«ይሄ ሰውዬ ሙድ እየያዘብን ነው እንዴ?» አለች አምፖል።

«ተይ። በሞተ ሰው ማላከክ ቀላል ነው። ሙት አይከራከርም።»

አምፖል ግን መተው አልቻለችም። ጓንቱን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የጎማ ጓንቱ አውራ ጣቱ ጋ ተሰንጥቆ ነበር። አባቷ አዲስ እንዲሰጡት በጠየቀ ቁጥር ዕቃ ቤቱ «ታዟል፣ እየመጣ ነው» ይለው ነበር። በመጨረሻ የብስክሌት ጎማ ቆርጦ፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ በማስቲሽ ሲለጥፈው ጓንቱን ወጥራ የያዘችለት እሷ ናት። እናቷ «በዚህ ነው የምትወጣው? ልጆች አሉህ እኮ!» ብላ ጮኸችበት። እሱ ቀና እንኳ ሳይል «እስኪመጣ ነው። ሰውን ጨለማ ውስጥ አስቀምጬ ጓንት ልጠብቅ?» አላት። እንዲህ ነበር። ማታ ሲገባ የሚያወራው ስለ ደሞዝ ወይም ስለ አለቃ አልነበረም፤ መብራቱ ሲመለስ የሰፈሩ ልጆች «መጣ!» ብለው እንዴት እንደጮኹ ነበር። እሷ ደግሞ አንዳንድ ቀን በዚያ ጩኸት ትቀና ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ጋሼ ቀጮ ቤት ሄደች። ሆዳቸው ከእሳቸው ቀድሞ በበር ስለሚገባ ነው ባልደረቦቻቸው «ቀጮ» የሚሏቸው። ያን ዕለት ከአባቷ ጋር የነበሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ግቢው ውስጥ የትንሿን ልጃቸውን ፀጉር እያጠቡ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ አባቴ ጓንት ረስቶ ነው የወጣው?»

እጃቸው የልጅቷ ፀጉር ላይ ቆመ። አረፋውን ቶሎ ቶሎ አጥበው ልጅቷን ወደ ቤት ሰደዷት።

«ጓንቱ እጁ ላይ ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ ፎጣውን እየጨመቁ። «ያ የተለጠፈው። ውሃ ገባበት። ቀድሞ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ፤ በዚህ ዝናብ፣ በዚህ ጓንት አልወጣም አልኩ። እሱ "ጤና ጣቢያው ጨለማ ውስጥ ነው፣ ወላድ አለች" ብሎ ወጣ።»

«ታዲያ ለምን ረሳ አሉ?»

«በል አሉኛ አለቆቹ! እንዲህ ካላልክ ሥራህን እርሳው አሉኝ። አራት ልጅ አለኝ፣ የኔ ልጅ። ምን ላድርግ?»

«እሱም ልጆች ነበሩት።»

ጋሼ ቀጮ ፎጣውን ገመድ ላይ አሰጡ። አምፖል ተናደደች። በእሳቸው ብቻ አይደለም፤ አልወጣም ማለት እየቻለ በወጣው አባቷም ጭምር። አልወጣም ያሉት ሰው ልጃቸውን ያጥባሉ። የወጣው ሰው ፎቶ ሆኗል። ወላዷ ማን እንደነበረች እንኳ የሚያውቅ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ጥቁር ቀሚሷን እየተኮሰች «የመሰለሽን በይ» አለቻት። «እኔ አላስጠናሽም።»

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ስለ «አርአያው የቤተሰብ ኃላፊ» ብዙ ተናገሩ። ጋሼ ቀጮ ከነልጆቻቸው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ትንሿ ጭናቸው ላይ ናት። አምፖል ማይኩ ፊት ቆመች። ዓይኗ እሳቸው ላይ አረፈ። እሳቸው ወለሉን ያያሉ።

«አባቴ ለሕዝብ ኖሯል» አለች። «እኛ ጋ የሚደርሰው ትራፊው ነበር፤ ደክሞት፣ እያንቀላፋ። ቢሆንም ያንንም እንወደው ነበር። ጓንት ረስቶ ሞተ ተብሏል። አባቴ ጓንት አልረሳም። ደጋግሞ ጠየቀ፣ አልሰጡትም። የሞተው ቀዳዳውን በብስክሌት ጎማ በለጠፈው ጓንት ነው። ስንለጥፍ የያዝኩለት እኔ ነኝ።»

ያጨበጨበ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ፈጠን ብለው ማይኩን ተቀበሏት። «ልጅ ናት፣ ሐዘኑ ገና አልወጣላትም» አሉና ፎቶው ይሰቀል ብለው አዘዙ። ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞረ። አንድ ሠራተኛ መዶሻ ይዞ ወንበር ላይ ወጣ።

እናቷ እጇን ይዛ አወጣቻት። በሩ ጋ ሲደርሱ ከኋላ የከበደ እርምጃ ሰሙ። ጋሼ ቀጮ ናቸው፤ እያለከለኩ።

«ስሜን አልጠራሽም» አሉ።

«ልጆችዎ ተቀምጠው ነበር።»

«እግዜር ይስጥሽ። እኔ እኮ...»

«ስምዎን እኔ አልጠራውም፣ ጋሼ» አለች አምፖል። «እርስዎ ራስዎ ይጥሩት። ሰዉ ገና አልተበተነም።»

ከአዳራሹ ውስጥ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። አምፖል የእናቷን ክንድ ይዛ ወደ ዋናው መንገድ መራመድ ጀመረች። ሰውየው ወደ አዳራሹ ይመለሱ፣ ወይ ልጆቻቸውን ጠርተው ወደ ቤታቸው ይሂዱ፣ ዞራ አላየችም።