እሷን ለመጥራት የተሠራ ስህተት

ኮምፒውተሩ ወደ መጋዘኑ የገባው አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ዝናቡ እንዳባራ ነው። ያን ጊዜ እዚያ የነበሩት የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሼ፣ ጫኝና አውራጁ ዶዘር፣ ዕቃ መዝጋቢው ወጣትና ከዋናው መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሩን ይዛ የመጣችው ልጅ ናቸው።

ዕቃ መዝጋቢውን ሁሉም ሹክሹክ ይሉታል፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው። ስሙን ያወጣለት ዶዘር ነበር። «አንተ እኮ እሳት ተነሳ ብለህ ብትጮህ፣ ሰው የሚሰማህ አመዱን ሲጠርግ ነው» ብሎት ሁሉም ሳቁ። ሹክሹክም ሳቀ። ስሙ በዚያው ጸና።

ድርጅቱ የቧንቧ ዕቃ የሚያከፋፍል ሲሆን ሦስት መጋዘኖች አሉት። ሥራ አስኪያጁ ከከተማው ሌላ ጫፍ ፎቅ ላይ ተቀምጠው መጋዘኖቹን የሚያውቋቸው በየወሩ በሚላክላቸው ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ሲደርሳቸው አለ የተባለው ዕቃ አልቆ፣ አልቋል የተባለው ተትረፍርፎ ይገኛል። ስለዚህ ሲስተም ይግባ ተባለ።

ልጅቷ የጠረጴዛውን አቧራ በእጇ ጠረገችና ገመዱን ሰካች።

«እዚህ ላይ የሚሠራው ማነው?»

ጋሼ በአገጫቸው ወደ ሹክሹክ አመለከቱ። «እሱ ነው ልጄ። እኔን ዓይኔም ጣቴም እምቢ ብሎኛል።»

«እሺ፣ ና ተቀመጥ።»

«እርስዎ ይቀመጡ፤ እኔ ቆሜ አያለሁ» አለ ሹክሹክ።

ዶዘር ካርቶን እንደተሸከመ ቆመ። «እርስዎ? አንተ፣ ልጅቷን በአንዴ አያት አደረግካት እኮ።»

ልጅቷ ሳቀች። የሹክሹክ ጆሮ ጋለ። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ግን ክርኑ እንዳይነካት አድርጎ ነው።

«አየህ» አለችው ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞር ብላ፣ «አንተ የምታስገባው ቁጥር ጥሬ ነው። ለብቻው ምንም አይናገርም። ሲስተሙ ከሌሎቹ መጋዘኖች ቁጥር ጋር ያገናኘዋል፣ ያወዳድረዋል። መረጃ የሚሆነው ያኔ ነው። ሥራ አስኪያጁ የሚያዩት የበሰለውን ነው። እሱን አይተው ይወስናሉ።»

«እኛ እናበስላለን፣ እሳቸው ይበላሉ በይዋ» አለ ዶዘር።

«ጥሬው የተበላሸ ከሆነ ግን የበሰለው አይበላም» አለች። ከዚያ ሹክሹክን አየችው። «እኔ እዚህ አልውልም። አንተን አምኜ ነው የምሄደው።»

ሹክሹክ ራሱን ነቀነቀ። እስከዚያ ቀን ድረስ አምኜሃለሁ ብሎት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ወይም ብሎት ከነበረ ዓይኑን እያየ አይደለም።

የመጀመሪያው ስህተት እውነተኛ ስህተት ነበር። ጎሚቶ የሚሉት የታጠፈ መገጣጠሚያ አለ፤ ባለ ግማሽ ኢንች አለው፣ ባለ አንድ ኢንች አለው። ሹክሹክ የገባውን ባለ ግማሽ በባለ አንድ ላይ መዘገበው። ሲስተሙ ከተላከው ዕቃ ጋር ያለውን ልዩነት አይቶ መስመሩን ቀይ አደረገው። ቀይ የሆነን መስመር ደግሞ ማስተካከል የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች፤ የይለፍ ቃሉ በእጇ ነው።

ደወለላት። ከሰዓት በኋላ መጣች።

«ሲስተም መጣች» አለ ዶዘር በሩ ላይ። ስሟም ይኸው ሆኖ ቀረ።

ካርቶኖቹን አንድ በአንድ መቁጠር ነበረባቸው። እሱ መሰላል ላይ ወጥቶ ይቆጥራል፤ እሷ ከታች ትጽፋለች።

«አልሰማሁህም» አለች። «ድምፅህን ከፍ አድርግ።»

«ከዚህ በላይ የለኝም።»

«እንግዲያው እኔ ልጠጋ» አለችና መሰላሉ ሥር መጥታ ቆመች።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ቁጥር ብቻ ነበር የሚሰማው። እሱ ቀስ ብሎ ይላል፣ እሷ ትጽፋለች፣ ቀና ብላ ታየዋለች፣ እሱ ወደ ካርቶኑ ይዞራል። አንዱን ካርቶን ሁለት ጊዜ ቆጠረው። ሁለት ጊዜ መቁጠሩን አውቃ ዝም አለች።

በቀጣዩ ሳምንት ሁሉም ነገር ትክክል ነበር፤ ስለዚህ አልመጣችም። ሹክሹክ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል። ውኃ የሚጠይቅ ሾፌር ይሆናል፣ ዕቃ የሚወስድ ነጋዴ ይሆናል። ስልኩን አንስቶ ስሟን ያወጣና፣ ምን እንደሚላት አስቦ አስቦ መልሶ ያስቀምጠዋል። ስህተት ሲኖር የሚለው ነገር ነበረው። አሁን ግን ምንም የለውም።

አርብ ዕለት ባለ ግማሹን ጎሚቶ አውቆ በባለ አንዱ ላይ መዘገበው።

መስመሩ ቀላ። ደወለ። መጣች።

እንዲህ እያለ ቀጠለ። ስህተቱ ትንሽ ነው፤ ዕቃው ከመደርደሪያው አይጠፋም፤ እሷ መጥታ ታስተካክለዋለች፤ ማንን ይጎዳል? ሹክሹክ እንዲህ ነበር የሚያስበው።

«አንተ ጎሚቶ ምን አደረገህ?» አለው ዶዘር አንድ ቀን። «ሌላውን ዕቃ ሁሉ እንደ እጅህ መዳፍ ታውቀዋለህ፤ ጎሚቶ ላይ ስትደርስ ትታወራለህ።»

«ይመሳሰላል።»

«ይመሳሰላል? አንዱ እኮ የሌላውን እጥፍ ያክላል ወንድሜ» አለና ዶዘር እየሳቀ ሄደ።

ልጅቷ ሥራዋን ስትጨርስ ወዲያው አትሄድም። ዳቦ ይዛ ትመጣና ካርቶን ላይ ተቀምጠው አብረው ይበላሉ። ጋሼ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበራቸው ሆነው «ሥራው በዝቶ እንጂ ሌላ አይደለም» ይላሉ ለማንም ሳይሉ። ጋሼ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እሑድም ሳይቀር ይመጣሉ። ቤቱ ባዶ ነው፤ እዚህ ግን የሚያወሩት ሰው ባይኖር የሚዞሩበት መደርደሪያ አለ።

ከታላቅ እህቷ ጋር እንደምትኖር ነገረችው። እህቷ ልብስ እየሰፋች እንዳስተማረቻት፣ ይህ የመጀመሪያ ሥራዋ እንደሆነ፣ እህቷ ጠዋት ጠዋት ሸሚዟን ራሷ ካልተኮሰች እንደማትለቃት ነገረችው። እሱም አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን ትቶ ወደ ሥራ እንደገባ ነገራት። ይህን ለማንም አውርቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኛት። ጎዳናው ላይ የመኪና ጥሩምባ በዝቶ ስለነበር እሱን ለመስማት ራሷን ወደ ትከሻው ዘንበል አድርጋ ነበር የምትሄደው።

«ሲስተሙን ስትጨርሺ ከዚህ ትሄጃለሽ?»

«ከመጋዘኑ አዎ።»

«ከመጋዘኑ ብቻ?»

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ። እሷ አልወጣችም።

«ከመጋዘኑ ብቻ» አለች። ቀጣዩን አውቶቡስ ቆመው ጠበቁ። እጁን ይዛው ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ቀይ መስመር አልታየም። ሹክሹክ እሷን የሚጠራበት ሰበብ አላስፈለገውም።

የሚቀጥለው ወር ሲጋመስ ሳትጠራ ጠዋት መጣች። ጋሼ በሩ ላይ ሆነው ሰላም ሲሏት ዓይናቸውን ሳታይ አለፈች። ሹክሹክን በእጇ ጠርታ ወደ መደርደሪያዎቹ ጀርባ ወሰደችው።

«መጋዘኑ ሊዘጋ ነው» አለች።

«የቱ መጋዘን?»

«ይሄ። ሲስተሙ የሦስቱን መጋዘን ስህተት ያወዳድራል፤ የዚህኛው ከሁለቱ ድምር ይበልጣል። ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን አዩት። ዕቃው ወደ ሌሎቹ ይሄዳል፤ አንተና ዶዘር ትዛወራላችሁ። ጋሼ ይሰናበታሉ። አርጅተዋል፣ መቆጣጠር አልቻሉም ተብሏል።»

ሹክሹክ በካርቶኖቹ መካከል አሻግሮ አየ። ጋሼ ወንበራቸውን ወደ ፀሐይ እያዞሩ ነበር።

«ስህተቱ የሳቸው አይደለም።»

«አውቃለሁ፤ የምታስገባው አንተ ነህ። ግን ኃላፊው እሳቸው ናቸው። ገና ልምምድ ላይ ነበር ብዬ ልከራከርልህ እችላለሁ...»

«አልገባሽም። አውቄ ነው።»

«ምኑን?»

«ጎሚቶውን። ከመጀመሪያው በቀር ሌላውን ሁሉ አውቄ ነው ያበላሸሁት። እንድትመጪ።»

ካርቶን ላይ ተቀመጠች። አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም።

«ነይ ብትለኝ እኮ እመጣ ነበር።»

«ያቺ ‹ነይ› የምትለው ቃል ናት እምቢ ያለችኝ።»

«ሌላ ያስገባኸው ውሸት አለ?»

«የለም።»

«ለኔ የነገርከኝስ? ስለ አባትህ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ያልከኝ...»

«ከጎሚቶው በቀር ውሸት የለም።»

አመነችው። ማመኗ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር፤ ግን ቶሎ አልሆነም፤ ትንሽ ቆይቶ ነው የመጣው። ያቺ ትንሽ ቆይታ ሹክሹክን ወጋችው።

«ሪፖርቱን ካስተካከልኩት ማን እንዳስገባው ሁሉ ይታያል» አለች። «አውቆ ያበላሸን ሰው አንድ ቀን አያሳድሩትም።»

«ካላስተካከልሽው ጋሼን አያሳድሯቸውም።»

«ሌላ መንገድ ልፈልግ። ጊዜ ስጠኝ።»

«ሥራ አስኪያጁ የሚፈርሙት መቼ ነው?»

«ዛሬ ከሰዓት» አለች በመጨረሻ።

ሹክሹክ የሥራ ካፖርቱን አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለ። አብረው ወጡ። ጋሼ «ወዴት ነው በጠዋቱ?» ሲሏቸው «እመለሳለሁ ጋሼ» አላቸው።

አውቶቡስ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት። «ለምን እንዳደረግኩት እኔ እናገራለሁ። አንቺ ዝም በይ።»

«ምን ልትል ነው?»

«አንቺን ለመጥራት እንደነበር ካወቁ አንቺንም ያስወጡሻል፤ እህትሽ የለፋችው አንድ ጎሚቶ እንዲያበላሸው አይደለም» አለ። እሷ መስኮቱን አየች።

የሥራ አስኪያጁ ክፍል ሰፊና ጸጥ ያለ ነበር። ሪፖርቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ሹክሹክ ቆሞ ተናገረ።

«አይሰማም» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ጮክ በል።»

ሹክሹክ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጋሼ አያውቁም። አውቄ ነው።»

«አውቀህ? ለምን?»

«ሥራው ሰለቸኝ። ማሽኑን ጠላሁት።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ። ሰውዬው ክፉ አልነበሩም፤ ማወቅ ነው የፈለጉት። ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺ አብረሽው ሠርተሻል። እንደዚህ ነው?»

ልጅቷ ሹክሹክን አየችው። እሱ ራሱን በጣም በትንሹ፣ ከእሷ በቀር ማንም በማያየው መጠን ነቀነቀ።

«እሱ እንዳለው ነው» አለች።

ሥራ አስኪያጁ የመዝጊያውን ውሳኔ ሰረዙ፤ ሹክሹክንም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አሰናበቱት። ሁሉም ነገር የወሰደው አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚቀዘቅዝበትን ያህል ጊዜ ነው።

ደረጃውን ወርደው ውጪ ቆሙ። ቀትር ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ለምሳ እየሳቁ በአጠገባቸው ያልፋሉ።

«አፌ እንዴት እንዳለው አላውቅም» አለች።

«በይ ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

«አንተ ራስህን ነቀነቅክ እንጂ አልተናገርክም። የተናገርኩት እኔ ነኝ። ጥሬው የተበላሸ አይበላም እያልኩ ስመክርህ የነበርኩት እኔ፣ የተጠየቅኩት አንድ ነገር ነበር። አንድ።»

«እውነቱን ብትናገሪ አንቺም ትባረሪ ነበር።»

«እኮ። ይህን አስቤ ነው የተናገርኩት። ላንተ ብዬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።»

ሹክሹክ የሚላትን ፈለገ። ብዙ ነገር ነበር። ነይ፣ አብረን እንሂድ፤ እኔ እንደሆነ ያልሽውን ከቁብም አልቆጥረው፤ አንቺ ብቻ አትራቂኝ። ቅድም እዚያ ክፍል ውስጥ የወጣው ድምፅ አሁን የት እንደገባ አላወቀም።

«ደውልልኝ» አለችው። «ምንም ሳይበላሽ ደውልልኝ።»

ደወለላት። ከሁለት ወር ለሚበልጥ ጊዜ ተገናኙ። መናፈሻ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ስለ ጋሼ፣ ስለ ዶዘር ያወራሉ፤ ከዚያ ዝም ይላሉ። ድሮ ዝምታቸው ውስጥ ሁለቱም ነበሩ። አሁን ሥራ አስኪያጁ መካከላቸው ቁጭ ብለው እንደሚጠይቁ ያህል ነበር። እሱ ሥራ ሲፈልግ የዋለበትን ሲነግራት እሷ ጣቶቿን ታያለች። እሷ በመሥሪያ ቤቱ ስለተመሰገነችበት ሥራ መናገር ትጀምርና መሐል ላይ ትተዋለች። ሊያጽናናት ሲሞክር የባሰ ያማታል፤ ዝም ሲል ደግሞ የተቀየማት ይመስላታል።

አንድ ቀን ከመናፈሻው ሲወጡ «ሳይህ እወድሃለሁ» አለችው፤ «ግን ሳይህ ያን ቃሌንም እሰማዋለሁ። እንዴት እንደማደርገው ንገረኝ።»

ሹክሹክ ትከሻዋ ላይ የወደቀ ደረቅ ቅጠል አነሳላት፤ እሷም አመሰገነችው። እንደ እንግዳ ሰው አመሰገነችው። ሁለቱም ሰሙት።

መጋዘኑ አልተዘጋም፤ ጋሼ አሁንም እዚያው ናቸው። ሹክሹክ አጎቱ ወዳለበት ከተማ ሄዶ ብሎኬት ማምረቻ ገባ። ልጅቷ በዋናው መሥሪያ ቤት የሲስተሙ ኃላፊ ሆነች፤ በሁለተኛው ዓመት ሌላ ሰው አገባች።