ደህና ነኝ፣ ተመስገን

«ይሄ ቁልፍ ደግሞ ዛሬ ምን ነካው?» አሉ ሽማግሌው፤ ጥፋቱ የሚንቀጠቀጡት ጣቶቻቸው ሳይሆን የሸሚዙ ይመስል።

«አምጡ አባባ፣ ልቆልፍልዎት።»

ልጅቷ አንድ በአንድ ቆለፈችላቸው። እንዳያፍሩ ብላ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሽማግሌው እንደ እሷው ከአገራቸው ተሰደው የመጡ ናቸው፤ እሷና እናቷ ከሚኖሩበት ፎቅ ምድር ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። እሷ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። በሰፈሩ የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ በአስተርጓሚነት ትለማመዳለች፤ ከተሳካላት እዚያው ትቀጠራለች። እናቷ «አፍሽን አከራየሽ» እያለች ትቀልድባታለች፤ ሽማግሌው ደግሞ አስተርጓሚዬ ለማለት በድሮው ቃል «ቱርጁማኔ» ይሏታል። የቢሮው ሕግ አጭር ነው፦ የተባለውን ብቻ ተርጉሚ፤ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።

ባለፈው የቢሮው ኃላፊ የቤት ረዳት ያስፈልጋቸው እንደሆነ ልታይ መጥታ «እንዴት ነዎት? የሚቸገሩበት ነገር አለ?» ስትላቸው «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አሉ። ልጅቷም እንዳለ ተረጎመችው፤ የቤት ረዳት ሳይመደብላቸው ቀረ። በሳምንቱ መታጠቢያ ቤት ወድቀው ጎረቤት በር ሰብሮ አወጣቸው። ሲጠየቁ «ውሃ አዳልጦኝ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ እንቅልፍ የላትም። ዛሬ ኃላፊዋ ለመጨረሻ ጊዜ አይታቸው ልትወስን ነው።

«አባባ፣ ዛሬ እንኳ እውነቱን ይንገሯት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም?»

«ገመናዬን ለባዳ ልዘርግፍ? አንቺም አፍሽን ያዢ!»

በሩ ተንኳኳ። ኃላፊዋ ገብታ ተቀመጠችና ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች።

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን።»

ልጅቷ ጎንበስ አለች። «አባባ፣ ሰላምታ እኮ አይደለም። ጥያቄ ነው።»

«ገብቶኛል» አሉ ፈገግ ብለው። «ደህና ነው በያት።»

ተረጎመች። የገዛ ድምጿ አስጠላት።

ኃላፊዋ ክፉ ሰው አይደለችም። ሽማግሌውን ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና ደስ አላት። «ያስታውቃሉ! ሸሚዛቸውን እንዴት አሳምረው ለብሰዋል» አለችና ቦርሳዋን አነሳች።

ልጅቷ ይህን አልተረጎመችም። ብትናገር ሥራው አለቀለት፤ እሳቸውም ዳግመኛ ቱርጁማኔ አይሏትም። ዝም ብትል ደግሞ፣ ሲወድቁ በሩን ሰብሮ የሚደርስላቸው ሰው ሁልጊዜ አይገኝም።

«ቁልፎቹን የቆለፍኩላቸው እኔ ነኝ» አለች በኃላፊዋ ቋንቋ።

«ይህን ያሉት እሳቸው ናቸው?»

«አይደሉም። እኔ ነኝ።»

ኃላፊዋ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች፤ ዓይኗም ወደ ሸሚዙ ወረደ። ሽማግሌው ቋንቋውን አያውቁትም፤ ዓይኗ የት እንዳረፈ ግን አዩ። በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ቁልፎቹን ከደኑና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።