ከመስመሩ ማዶ የቀረው ምንጭ

ካርታ አንሺው የሰደበኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ በማዘጋጃ ቤቱ በረንዳ ላይ፣ ሰባት ሰው እየሰማ። አልረሳሁትም።

«አንተ ከአራተኛ ክፍል የሸሸህ በቅሎ ጫኝ! ጣትህን ቀስር እንጂ አታስተምረኝ!»

ስድቡንስ በቻልኩት ነበር። እሷ ግን ሳቀች።

እሷ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ናት። ወደዚህች የድንበር ከተማ ተመድባ የመጣች ሰሞን፣ መንገድ ስታ ከሁለቱ ኮረብቶች መሀል ምንጩ ዳር ቁጭ ብላ አገኘኋት።

«የዚህ ምንጭ ስም ማነው?»

«ስም የለውም።»

«የአንተስ?»

አፍሬ ፊቴን ወደ በቅሎዬ አዞርኩ።

«በቃ፣ አኩራፊው ብዬሃለሁ!» ብላ ሳቀች። ያኔ ሳቋ ማር ነበር...

ካርታ አንሺው ሲመጣ በተራራው የማዞረው እኔ፣ ስሞቹን የሚጽፈው እሱ፣ ከሥራቸው የምትፈርመው እሷ ሆነች። ማታ ማታ በቅሎዬን ሳራግፍ በመስኮት አያቸዋለሁ፤ ሁለት ራስ በአንድ ወረቀት ላይ።

«ምንድነው እንዲህ የሚያስቃችሁ?»

«ካርታው ሲያልቅ ታያለህ!»

ኮርቻውን መሬት ላይ ወረወርኩት።

ድንበሩ የሚያልፈው ከሁለቱ ኮረብቶች በሩቁ፣ በጎባጣው አናት ነው። ካርታ አንሺው «ጎባጣው የቱ ነው?» ሲለኝ ቅርቡን አሳየሁት። ጣትህን ቀስር ብሎኝ የለ? ቀሰርኩለት!

እሱ ከሄደ ከወር በኋላ ካርታው ታትሞ መጣ። እጄን ይዛ ወደ ግድግዳው ጎተተችኝ። ከአንዲት ሰማያዊ ነጥብ አጠገብ የተጻፈውን ፊደል በፊደል አነበብኩት። «የአኩራፊው ምንጭ።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ እኮ ካርታ አንሺውን የለመንኩት ለዚህ ነው! "ያኮረፈ ሰው በካርታ ይገባል እንዴ" እያለ ሲያስቀኝ...»

«በረንዳው ላይስ ምን አሳቀሽ?»

«እሱ ነዋ! አታስተምረኝ ይልሃል፣ መንገዱን የሚጠይቀው አንተን!»

ጣቷ በቀዩ የድንበር መስመር ላይ ሄዶ ቆመ።

«ቆይ... መስመሩ በቅርቡ ኮረብታ ነው ያለፈው። ምንጫችን ማዶ ቀረ እኮ!»

ፊቷ ዓመድ መሰለ።

«ለካ ለዚህ ነው ለነገ ዋናው ቢሮ የጠሩኝ። ከስሞቹ ሥር የፈረምኩት እኔ ነኝ... የኔ ጌታ፣ ቅርቡን ያሳየኸው አንተ አይደለህም አይደል? አይደለሁም በለኝ፣ አምንሃለሁ።»

ለካርታ አንሺው ስድብ አርባ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ለሷ አንድም አጣሁ።

ወጥቼ በቅሎዬን ፈታሁ።

«አኩራፊው!» ስትል ድምፅዋ ተሰበረ።

ዞሬም አላየኋት። በቅሎዬን እየሳብኩ ሄድኩ።