ከቆዳ ፋብሪካው ግርጌ

ብርነሽ ያንን ውሃ ወንዝ ብላ ጠርታው አታውቅም። «ያ ነገር» ነበር የምትለው። ከቁስቋም ዳገት ኩልል ብሎ ይወርድና ቆዳ ፋብሪካው ጓሮ ሲደርስ መልኩ ይለወጣል፤ ጸጉር፣ የሞራ ቁርጥራጭና ነጭ የኖራ አረፋ ተሸክሞ በእነብርነሽ ሰፈር ሥር ያልፋል። ሽታው የገማ እንቁላል ነው። ከምግቡ ጋር ይጎረሳል፣ ከነጠላው ጋር ይለበሳል። በ1975 ዓ.ም. መባቻ የሰፈሩ ቦኖ ለሳምንታት ሲደርቅ ግን ሴቶቹ ልብሳቸውን ተሸክመው ወደዚያው ነገር ከመውረድ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የሃያ ሁለት ዓመቷ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ብርነሽ ከጎረቤቷ ከዓለምነሽ ጋር ልብስ ስታጥብ፣ ቦቲ ጫማ ያደረገ ወጣት ከፋብሪካው በኩል እየሮጠ ወረደ። የፋብሪካው የኖራ ገንዳ ወደ ውሃው ሊለቀቅ ስለሆነ ልብሳቸውን ቶሎ እንዲያወጡ ነገራቸው። ከቃሉ በፊት የደረሰው ግን የሰውነቱ ሽታ ነበር። ብርነሽ አልቻለችም፤ እዚያው እፊቱ አስታወከች።

አፏን ጠርጋ ቀና ስትል ወጣቱ ከቆመበት የለም። ነፋሱ ሽታውን ወደ እሷ እንዳያመጣው በወዲያኛው በኩል ዞሮ ቆሟል። አልተቆጣም። ብርነሽ ዓይኑን ያየችው ያኔ ነው፤ እፍረት አንገቷን አስደፋት።

ስሙ ለሜሳ ነበር፣ የሱሉልታ ልጅ። ሥራው ቆዳውን በኖራ ገንዳ መንከርና ማክሰኞና ዓርብ ዝቃጩን መልቀቅ ነው። ኖራው የእጁን ቆዳ ልጦታል። ከዚያ ወዲህ ገንዳው በሚለቀቅበት ቀን ሁሉ ቀድሞ እየወረደ ሴቶቹን ያስጠነቅቅ ጀመር። ሴቶቹ ሲሄዱ ብርነሽ ትቀራለች። መጀመሪያ በመካከላቸው የድንጋይ ውርወራ ያህል ርቀት ነበር፤ ታኅሣሥ ሲገባ አንድ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ነበር። ፍቅር ሽታውን አጠፋልኝ ብላ አታውቅም። ይሸታል፤ እሷም ትቀመጣለች።

አባቷ አቶ መሸሻ ወሬውን ሲሰሙ፣ ልጃቸውን ለፋቂ እንደማይሰጡ ቁርጡን ነገሯት። የሚጫሙት ጫማ በማን እጅ እንደተፋቀ ግን ጠይቀው አያውቁም።

በዚሁ መሀል የዓለምነሽ ትንሽ ልጅ እግሮቿ ቆሳስለው መግል ያዙ። ጳውሎስ ሆስፒታል ሲወስዷት ሐኪሙ ከውሃው ካልራቀች መድኃኒቱ ዋጋ እንደሌለው ተናገረ። አዲሱ ገበያ ሱቅ ያላቸው የሰፈሩ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር፣ ወይዘሮ ዘይነብ፣ ይህን እንደሰሙ ሱቃቸውን ዘግተው ቤት ለቤት መዞር ያዙ። ፋብሪካው ዝቃጩን ወደ ውሃው መልቀቅ እንዲያቆም የሚጠይቀውን አቤቱታ ብርነሽ ጻፈች፤ ፊርማ የማይችል በጣቱ አተመ። አቶ መሸሻን ጨምሮ ብዙ አባወራዎች ግን «በመንግሥት ነገር አንገባም» ብለው በራቸውን ዘጉ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ወረቀቱን አገላብጦ፣ በሰፊው ሕዝብ ፋብሪካ ላይ መነሳት የአድኃሪያን ሥራ ነው አለ። ወይዘሮ ዘይነብ ሰፊው ሕዝብ እነሱ መሆናቸውን በእርጋታ ነገሩት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመላለሱ ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሰው መጥቶ እንዲያይ ተወሰነ። ቀኑም ረቡዕ ሆነ።

«ረቡዕ ገንዳው አይለቀቅም፤ ውሃው ንጹሕ ነው» አለችው ብርነሽ። «አንተ ተነስተህ ካልመሰከርክ ውሸታሞች እንባላለን።»

ለሜሳ የተላላጡ እጆቹን ዘረጋላት። «እናቴና እህቶቼ በእኔ ነው የሚኖሩት፣ ብርነሽ። ደግሞ ያስሩኛል።»

«የልጅቷን እግር አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ግማቱ ልብህ ውስጥ ገብቷል።»

ለሜሳ ተነስቶ ሄደ። ብርነሽ የተናገረችውን ቃል ገና ከአፏ ሳይደርቅ ተጸየፈችው፤ ለሜሳን ጠርታ ልትመልሰው ግን ኩራቷ ከለከላት።

ረቡዕ ጠዋት ውሃው ኩልል ብሎ ይወርድ ነበር። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በብርጭቆ ቀድቶ ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ለመጣው እንግዳ ወደ ፀሐይ አነሳለት። የቀበሌው ሊቀመንበር ፈገግ አለ። የዚያን ቀን ምንም አይሸትም፤ ብርነሽን ያቅለሸለሻት ያ ፈገግታ ነበር።

በድንገት ከላይ የፏፏቴ ድምፅ ተሰማ። ግራጫው ዝቃጭ ከነጸጉሩ፣ ከነሞራው፣ እየተንደረደረ ወርዶ የሰዎቹን ጫማ ዋጠው። እንግዳው በመሐረቡ አፉን ይዞ ወደ ቁጥቋጦው ሮጠ። ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን ጣለ።

ለሜሳ ከፋብሪካው በኩል ቀስ ብሎ ወረደ። «የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ። «ማክሰኞና ዓርብ ታዝዤ ነው የምከፍተው። ዛሬ ማንም አላዘዘኝም።»

እዚያው ያዙት። በአሻጥር ተከሶ ቀበሌው እስር ቤት አምስት ወር ተቀመጠ። ብርነሽ ስንቅ ስታመላለስ አንድም ቀን አላጓደለችም። በመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ይቅርታ ልትለምነው ስትጀምር ዘቡ አጠገባቸው ቆሞ ስለነበር ለሜሳ «ወጡ ጨው በዝቶበታል» ብቻ አላት፤ ሳቋ ከእንባዋ ጋር መጣ።

ፋብሪካው ታዝዞ የማጠራቀሚያ ጉድጓድ ቆፈረ። ጸጉሩና ሞራው ከውሃው ቀነሰ፤ የልጅቷም ቁስል ጠገገ። ቀለሙና ግማቱ ግን አልለቀቀም።

ለሜሳ በሰኔ ሲፈታ ሥራም፣ ከተማው ውስጥ ሽማግሌ የሚልክለት ዘመድም አልነበረውም። አንድ እሑድ ወይዘሮ ዘይነብ፣ ዓለምነሽና ሌላ አንዲት የማኅበሩ አባል አቶ መሸሻ ደጃፍ ቆሙ። ስለ ለሜሳ ለሽምግልና መምጣታቸውን ተናገሩ።

«ሽማግሌ ጠፍቶ ነው ሴት የሚልከው?» አሉ አቶ መሸሻ።

«ሽማግሌዎቹማ ፊርማ ስንጠይቅም በራቸውን ዘግተው ቤታቸው ነበሩ» አሉ ወይዘሮ ዘይነብ።

አቶ መሸሻ ከበሩ ገለል አሉ። በዝግታም እንዲቀመጡ ጋበዟቸው።

«ቃልዎን ይስጡንና እንቀመጣለን» አሉ ወይዘሮ ዘይነብ።

ጓዳ በር ላይ የቆመችው ብርነሽ ወደ አባቷ አየች።

«ይውሰዳት» አሉ አባቷ።

አሮጌው አግዳሚ ሴቶቹ አንድ በአንድ ሲቀመጡበት ሲንቋቋ ሰማች። ነጠላዋን አስተካክላ ውሃ ልታቀርብላቸው ወጣች።